አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ

ሰኞ

አይ አልኩ። አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አላልኩም።

ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ፣ ሚስ ሊንዳ፣ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። እዚህ ትምህርት ቤት የተቀጠርኩት በቋንቋ ረዳትነት፣ ያውም እስከ ፈረንጅ ገና ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ አዲስ ከመጡ ልጆች አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አስተማሪው የሚለውን፣ እንግሊዝኛው እስኪገባቸው ድረስ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ሚስ ሊንዳ "በጀት አግኝተናል፤ እስከ ሰኔ ብትቀጥዪልን ደስ ይለናል። ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"ኧረ አይ፣ አትቸገሩ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው አታጡም" አልኳት። በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብዬ።

ከዚያ ሁለተኛ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። "እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ" የሚለውን በልቤ ወደ እንግሊዝኛ እያዞርኩ ነበር። እሷ ግን ክንዴን ነካ አደረገችና "ችግር የለም፣ በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" ብላ ሄደች። መሄድ ነው እንግዲህ፤ ዞር ብላም አላየችኝ።

ነገ ትደግመዋለች። አስባበት ትመጣለች።

ካልደገመችው መሄጃዬ አልበርታ ነው፤ የዚሁ አገር ሌላ ጫፍ። የአክስቴ ልጅ ታደሰ እዚያ ስጋ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከመጣሁ ጀምሮ ነይ ይለኛል። "ቢላ ይሰጡሻል፣ ጓንት ይሰጡሻል፣ ቋንቋ አያስፈልግሽም" ይላል። እሱ ሊያበረታታኝ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ያ የመጨረሻው ነው። ደብረ ብርሃን ሃያ ዓመት ቋንቋ አስተምሬያለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም።

ማክሰኞ

አልደገመችውም። ሁለት ጊዜ አልፋኝ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ውስጥ ምንም ጥያቄ የለም።

የዛሬ ነገሮች፦

ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ ናቸው። ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬ ጋ ይደርሳል። ስነሣ ልጆቹ ይስቃሉ፤ አሁን ግን አንዱ እጁን ይዘረጋልኛል።

ፌቨን መቀነስ ገባት። ከጎረቤት ቁጥር መበደር የሚለውን "ከላይ ቤት በርበሬ ተበድረሽ ታውቂያለሽ?" ብዬ አስረዳኋት። ወዲያው ሠራችው። ከዚያ ለአስተማሪው ለሚስተር ኦወን በእንግሊዝኛ "ጎረቤቱ በርበሬ ሰጠው" አለችው። ግራ ገብቶት አየኝ።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ውጭ ያወጧቸዋል፣ በዚህ ብርድ። ከደብረ ብርሃን ስለመጣሁ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር። አላውቅም።

ማታ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንዱን ክፍላቸውን ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የገቡ፣ የአረጋውያን ቤት ኩሽና ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው።

"ሥራውን ትፈልጊዋለሽ?" አሉኝ።

"በጣም።"

"ታዲያ አይ ያልሽው ምን ሆነሽ ነው?"

"እንዴ እትዬ፣ ወዲያው እሺ ይባላል? ስትንሰፈሰፍ ነበር አትለኝም?"

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "ሲግደረደሩ ጦም አደሩ አሉ! ስሚ፣ እኔ እንደመጣሁ ሰሞን አለቃዬ ኮት ልስጥሽ አለችኝ። አዲስ የሱፍ ኮት። ኧረ አይሆንም አልኳት። በማግስቱ አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዋ ለብሳው መጣች። ሦስት ክረምት ባስ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነው የሄደችበት። እኔ በሹራብ።"

"ሁለተኛ አልጠየቀችዎትም?"

"ምን ትጠይቀኛለች! እዚህ አገር ጌታ ራሱ አንዴ ነው የሚጠይቅሽ።"

እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ረቡዕ

የሕንጻው ሊፍቶች ተበላሽተዋል። አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጋሪ የሚገፉ እናቶች ሰልፍ። በደረጃ ወረድኩ፤ ባሱ አመለጠኝ። ትምህርት ቤቱ ያለበት ፍሌሚንግደን ፓርክ ስደርስ ደወሉ ተደውሎ ነበር።

በዘዴ ላስታውሳት ቆርጬ ቢሮዋ በር ላይ ቆምኩ። "ይሄ ትምህርት ቤት እኮ በጣም ደስ ይለኛል" አልኳት። "ልጆቹንም ለምጃቸዋለሁ።" ከዚህ በላይ እንዴት ይባላል?

"እነሱም ይናፍቁሻል" አለችኝ። ከልቧ ነው፤ ዐይኗ ሁሉ ቀላ።

ከሰዓት ሚስተር ኦወን ነገረኝ። በእኔ ቦታ አንዲት ልጅ ዓርብ ኢንተርቪው ልትመጣ ነው። አማርኛ ተናጋሪ። "ምነው ተውሽው?" አለኝ። እኔም "እንዲሁ ነው" አልኩት። እንዲሁ ነው! ምላሴን ነከስኩ።

ማታ ስነግራቸው እትዬ አስካለ ጨርሰው ተቆጡ። "አማላጅ ነው የሚያስፈልግሽ። እኔ እሄዳለሁ።"

"ኧረ እባክዎ እትዬ።"

"ፓስተሩንም ይዤው እመጣለሁ። የተከበረ ሰው ነው፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው።"

"እትዬ፣ ለጋብቻ አይደለም እኮ!"

"ከጋብቻ ይበልጣል። ባል አይከፍልሽም።"

እንዳይመጡ አስምዬያቸዋለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ አይማልም ብለው ነበር፤ በልጃቸው አስማልኳቸው።

ለምን ራሴ ሄጄ አልነግራትም? እሱን ነው ቁጭ ብዬ የማስበው። አይ ያልኩትን ነገር ተመልሼ ስጪኝ ማለት ለእኔ ልመና ነው። ለምኜ አላውቅም። ተማሪ ሆኜ እንኳ እርሳስ ለምኜ አላውቅም። ስጋ ለመቁረጥ አልበርታ ድረስ እሄዳለሁ፣ ስድስት እርምጃ ወደ ቢሮዋ አልገባም። ይህን ጽፌ ሳነበው ያስቃል።

ሐሙስ



ዛሬ የወላጆች ቀን ነበር፤ እኔ አስተርጓሚ። የፌቨን አባት ግርማ በቫን ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ነው። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ሚስ ሊንዳ ልጁ ጎበዝ መሆኗን፣ ንባብ ላይ ግን ወደ ኋላ መቅረቷን ነገረችው። "ከትምህርት በኋላ የሚያስነብባት ሰው ልንመድብላት እንችላለን። ክፍያ የለውም" አለች። ተረጎምኩለት።

ግርማ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ኧረ አይ እትዬ፣ ምን በወጣቸው። እስካሁን ያደረጉላትም ይበቃል። ሌላ የቸገረው ልጅ ይጠቀምበት በያቸው።" ደንግጦ "በያቸው"ን ወደ "ይበሏቸው" አስተካከለው።

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሚስ ሊንዳ "ችግር የለም" አለችና ስለ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ወደ ማውራት ተሻገረች።

የግርማን ፊት አየሁት። ይጠብቃል። ፈገግታው እንዳለ ነው፣ ዐይኑ ግን ከሷ አፍ አልተነሣም። ሰኞ ኮሪደር ላይ የእኔም ፊት እንዲህ ነበር ማለት ነው።

"ይቅርታ" አልኳት። "የንባቡን ነገር አንድ ጊዜ ድገሚለት።"

"አልፈልግም አለ እኮ።"

"አላለም። እኛ ጋ የመጀመሪያው አይ አይቆጠርም። አክብሮት ነው። ወዲያው እሺ ካለ ስግብግብ ይመስላል።"

ግርማ "ምን አሏት?" አለኝ።

"ድገሚለት አልኳት።"

"ኧረ እትዬ! አዋረዱኝ!"

"ዝም በል፣ ለልጅህ ነው።"

ደገመችለት። "አይ፣ ማስቸገር ይሆንብኛል" አለ፤ አሁን ግን በለስላሳ ድምፅ። ሚስ ሊንዳ አየችኝ። አንድ ጣቴን አነሣሁ፤ አንድ ይቀራል ለማለት። ሦስተኛ ጠየቀችው።

"እንግዲህ ካላችሁ… እግዜር ይስጥልኝ" አለ ግርማ። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጎንበስ አለላት። ፌቨን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ትነበባለች፤ ማለቴ ታነባለች።

ግርማ ሲወጣ ሚስ ሊንዳ በሩን ዘጋችው።

"ሰኞ አንቺን ስንት ጊዜ ነው የጠየቅሁሽ?"

"አንዴ" አልኳት።

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። እኔም ያኔ ተናገርኩት። "ሥራውን እፈልገዋለሁ። ሰኞም እፈልገው ነበር። በጣም እፈልገዋለሁ።" ከዚህ በፊት ይህን ቃል ስለ ራሴ ተናግሬው የማውቅ አይመስለኝም፤ በአማርኛም ቢሆን።

አልሳቀችም። ግን "ነገ የምትመጣውን ልጅ ቅሪ ልላት አልችልም። እሷንም በቅንነት ማየት አለብኝ" አለችኝ።

"ገብቶኛል።"

"አሁን ቢያንስ አውቄዋለሁ። ሰኞ እነግርሻለሁ።"

ዓርብ

ልጅቷ መጣች። መጥፎ ሰው ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ቢሮው በር ላይ ስታየኝ ተነሥታ ሳመችኝ፤ ሦስት ጊዜ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። "ኢንተርቪው ሳደርግ ነርቨስ እሆናለሁ" አለችኝ። "እርስዎ እዚህ ነው የሚሠሩት? ሥራው እንዴት ነው?"

መጥፎ ነው ልላት እችል ነበር። ወንበሩ፣ ብርዱ፣ ጫጫታው።

"ጥሩ ሥራ ነው" አልኳት። "ልጆቹ ቶሎ ይወዱሻል።"

ወደ ክፍል ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር በትክክል አልተረጎምኩም። ሚስተር ኦወን ስለ ፕላኔቶች ሲናገር እኔ ስለ እሷ አስብ ነበር። አንዱ ልጅ "ማርስን ዘለሽው" አለኝ።

ቅዳሜ

ታደሰ ኮል አደረገ። ቲኬት ልቁረጥ ወይ ይላል። እስከ ሰኞ ጠብቀኝ አልኩት። "አልጋ አዘጋጅቼልሻለሁ" አለ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ያስጨንቀኛል።

ልብስ አጠብኩ። የሕንጻው ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች ተይዘው ነበር፤ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ብሉር ጎዳና ድረስ ሄጄ ሽሮ ገዝቼ መጣሁ። ሌላ የተሠራ ነገር የለም።

እሑድ

እትዬ አስካለ ቸርች ይዘውኝ ሄዱ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አይ ብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ እሳቸው ደንቡን ያውቃሉ።

የጸሎት ርእስ ያለው ሰው ሲባል ብድግ አሉ። "ይህች እህታችን ጌታ ሥራ በእጇ ሰጥቷት፣ አይ አመሰግናለሁ ብላ መልሳለታለች። እንዲታገሣት ጸልዩላት" አሉ። ምእመናኑ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሁሉም ገባቸው፤ ግማሹ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። ከጸሎቱ በኋላ አንድ የማላውቃቸው ሰውዬ መጥተው በጆሮዬ "እኔን እንዲህ ያመለጠኝ ቤት ነው፤ ግዛ ሲሉኝ" አሉኝ።

ብቻዬን አይደለሁም። አላጽናናኝም፤ ግን በልቼ ተኛሁ።

ሰኞ

ገና ኮቴን ሳላወልቅ ጠራችኝ።

ልጅቷ ጎበዝ ነበረች አለች። ሁለታችሁንም ማስቀረት ብችል ደስ ባለኝ አለች። ቀጥሎ የሚመጣው "ግን" ለማን እንደሆነ ስላላወቅሁ ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጆቹን አነሣች፤ ለምደውሻል፣ በመሐል ዓመት ሰው መቀየር ለእነሱ ከባድ ነው አለች። ግርማንም አነሣች። "እስከ ሰኔ የአንቺ ነው። ትፈልጊዋለሽ?"

"አዎ።"

"ሁለት ጊዜ ልድገመው?"

"ኧረ አያስፈልግም!"

እንግሊዝኛ መናገር ነበረብኝ፤ በአማርኛ ነው የወጣኝ። ቢሆንም ገባት።

ሚስተር ኦወን ሲሰማ እጄን ጨበጠኝ። ፌቨን ግን "ሄደሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ፤ ወደ እርሳሷ ተመለሰች። ለታደሰ ባስ ላይ ሆኜ ኮል አደረግሁለት። አዘነ፣ ከዚያ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፣ ከዚያ አልጋውን ለሌላ ልጅ ሊያከራይ እንደሆነ ነገረኝ። ተገላገልኩ። እትዬ አስካለ እልል አሉና ጸሎታቸው እንደሆነ ተናገሩ። አልተከራከርኳቸውም።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ከቢሮው ስወጣ ሚስ ሊንዳ መልሳ ጠራችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ለእናቶች የእንግሊዝኛ ክፍል ሊከፈት ነው፤ እሱንም ልትይዢው ትችያለሽ ወይ አለችኝ። ቅዳሜ ልብስ የማጥብበት ቀን ነው። ቅዳሜ የማንም አይደለሁም።

"አይ" አልኳት።

ብዕሯን እንደያዘች አየችኝ። "ይሄኛው የትኛው አይ ነው?"

"የእውነቱ።"

"እሺ" አለችና ሌላ ሥራዋን ቀጠለች። በቃ። ለምን እንኳ አላለችኝም። ለሰበብ አንዲት የታመመች አክስት አዘጋጅቼ ነበር፤ እዚያው በር ላይ አዳንኳት።