ሳይታረድ የቀረው የፋሲካ በግ

ይድረስ በሰው አገር ላለኸው፣ ስምህን ሳላነሳ ለማልውለው ወንድሜ ለሐዲስ፤

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይ? የዶሃ ሙቀት ከአሁኑ ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ። የእኛም አዳማ ዘንድሮ አልማረችንም፤ ነፋሱ አቧራ እንጂ ቅዝቃዜ አያመጣም። ሥራህስ? አሠሪህ ሰው ነው? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ካልለመኑህ አትቀርብም?

እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ፈቃዱ ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ኖሮ፣ ደህና ነን ብለሽ አትለፊው፣ ያለውን ጻፊለት አለኝ። እንግዲህ ያለውን ልጻፍልህ፤ የእኔ ደም ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፈቃዱ ጉልበቱን ያመዋል፣ ኪሩ ሒሳብ ወድቋል፣ ጂጂ ጥርሷ እየወለቀ ነው፣ በጉም አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ በግ ልነግርህ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ የፈቃዱ ስም ሲነሳ ትዘጋብኛለህ፤ ወረቀት ግን እስኪቀደድ ድረስ ይናገራል። የምታመጣልህ ኑሰይባ ናት፣ የጎረቤታችን የአብዱልጀባር ልጅ፤ የዓመት እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ትመለሳለች። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ፈቃዱን ታውቀዋለህ። ከሁሩታ አምጥቶ እዚህ ያስተማረህ፣ ጋሼ እያልክ በቤቱ ያደግህበት ሰው ነው። ጾም አይሽርም፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም፣ ማኅበሩን አስታጉሎ አያውቅም፣ የእድራችንም ዳኛ ነው። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ባሌ ጥሩ ክርስቲያን ነው ብዬ ስኖር ነበር። ታዲያ የፋሲካ ዕለት ጠዋት ኪሩ በጉን ይዞለት፣ ቢላዋው ተስሎ፣ እኔም ድስቴን አጥቤ ስጠብቅ፣ በስመ አብ ሊል አፉን እንደከፈተ ተወው። ቢላዋውን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አመመህ ወይ ብለው፣ በዚህ አፌ ነው እኮ ለሐዲስ “በማርያም፣ እናትህ ደህና ናት” ብዬ የማልኩለት አለኝ። ለካ ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባታችን ከወንድምህ ሳትታረቅ ለቁርባን እንዳትመጣ ብለውት ኖሯል። ጾሙን ሙሉ ለእኔ አልነገረኝም።

እማዬ ያረፈች ጊዜ የሆነውን ለአንተ መንገር አያሻኝም። የአገራችን መርዶ እንዲህ ነው፤ በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው አብሮት የሚያለቅስ እስኪገኝ ይደበቃል። ፈቃዱም ያደረገው ይህንኑ ነው። እሁድ እሁድ እየደወልክ አቅርቡልኝ ስትል፣ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም ይልሃል። ብርድ እንዳይመታት ብለህ ሹራብ የላክህላት አርባዋን ካወጣን በኋላ ነበር። ሱቅ ውስጥ ተሰልፈህ ሳለ አንድ የሁሩታ ሰው ነፍስ ይማር ሲልህ የሰማህበትን ቀን ሳስበው ዛሬም የያዝኩትን ሥራ እተዋለሁ። ሹራቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ማንም አልለበሰውም።

ወደ በጉ ልመለስ። ከሐዲስ ሳልታረቅ አላርድም ብሎ ሳይታረድ ቀረ። ልጆቹ በእንቁላልና በዓይብ ፈሰኩ፤ ጂጂ አለቀሰች፣ ኪሩ እኔ ልረደው ብሎ ቢነሳ አባቱ አይቶት ብቻ አስቀመጠው። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምክንያት ፈለገለት። የማኅበሩ ሰዎች መጥተው ዙሪያ ጥምጥም ሲያወሩ ቆዩና በመጨረሻ ጴንጤ ሆነ እንዴ አሉኝ። ከጓሮ ያለው ተከራያችን ወዬሳ ደግሞ ራሱ ጴንጤ ነውና ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት፣ ጌታ እየሠራ ነው፣ እሁድ አብረን እንሂድ ብሎ ጋበዘው። ፈቃዱ አመስግኖ፣ የራሴ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችኝን መቼ ፈጽሜ አለው። አብዱልጀባር ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ አርድላችሁ ነበር፣ አትበሉልኝም እንጂ ብሎ አሳቀን።

ነገሩ በበጉ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የጎረቤታችን የወይዘሮ ኢፍቱ ባል በድንገት አረፉ። ልጃቸው ሆራ ጅማ ፈተና ላይ ስለነበር ሳይጨርስ እንዳይሰማ ተባለ። በእኛ ሰፈር መርዶ የሚያስነግረው የእድሩ ዳኛ ነው፣ ያው ፈቃዱ ማለት ነው። እሱም፣ ደውዬ አልነግረውም፣ ደውሎ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም አላቸው። ልጁ አባቱ ስልክ አላነሳ ቢለው ለፈቃዱ ደወለ፤ ነገረው። ሆራ ፈተናውን ጥሎ ሲበር መጥቶ ለቀብሩ ደረሰ። ኢፍቱ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ የልጄን ዓመት አቃጠለው ትላለች፣ እውነቷን ነው። ሆራ ደግሞ ከሠልስት በኋላ መጥቶ የፈቃዱን ጉልበት ስሞ አለቀሰ፤ እሱም እውነቱን ነው። እንግዲህ የቱን ልያዝ? ከእድርተኛው ግማሹ ዳኝነቱን ይልቀቅ እያለ ነው። ፈቃዱ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይላል። የሚያድርበት ቤት የእኔም ቤት መሆኑን ግን ይረሳዋል።

ግራ ገብቶኛል ሐዲስ። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ሲጾም ሲሰግድ ቤታችን ሰላም ነበር። በሰማሁት ቃል እኖራለሁ ብሎ በተነሳ ጊዜ ቤቱ ታመሰ። ክርስትና እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ስናደርግ ኖርን? እንዲህ ካልሆነስ የሰውየው ፊት ለምን በራ? ሽሮውን እንኳ እንደ ጮማ ነው የሚበላው። አንዳንድ ቀን አየዋለሁና ደስ ይለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የድሮውን፣ ትንሽ ዋሽቶ ሰው የሚያስታርቀውን ባሌን መልሱልኝ እላለሁ። አባን ብጠይቃቸው ታገሺ ብለው መስቀል አሳለሙኝ። መታገሱንስ መች አጣሁት፤ የቸገረኝ ማንን እንደምታገስ ነው።

አሁን እሱ ጻፊልኝ ያለኝን ልጻፍ። መጀመሪያ እኔው፣ ለአንተ አስቦ ነው እኮ ብዬ ጽፌልህ ነበር። ሰርዢው አለኝ፤ አስቦ ነው አትበይ፣ ዋሽቶሃል በይው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ፈቃዱ ዋሽቶሃል። ይቅር እንድትለው ይለምንሃል፤ ባትለውም አይቀየምህም።

ሌላው ነገር እኔም ገና አሁን የሰማሁት ነው። እማዬ ስታርፍ እኔ ከምናስታምምበት ከሁሩታ ልብስ ላመጣላት ወደ አዳማ መጥቼ ነበር፤ አጠገቧ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ለአንተ ንገርልኝ ብላ የተናገረችው ቃል አለ። ደህና ናት እያለ እየማለ ኑዛዜዋን እንዴት አድርጎ ይንገርህ? እውነቱን ከሰማህ በኋላ ደግሞ አንተ ስልኩን አላነሳህለትም። ቃሏ እስከ ዛሬ እሱ ዘንድ ነው። ንገረኝና እዚህ ላይ ልጻፍለት ብዬ ብለምነው፣ የሐዲስ ነው፣ ከሐዲስ በፊት ማንም አይሰማውም ብሎ እምቢ አለኝ። ልጇ ሆኜ አላውቀውም። ቅናት ቢጤም ይዞኛል።

ታረቅ ብዬ አላዝህም፤ የተጎዳኸው አንተ ነህ፣ እኔም ገና ምን እንደማስብ አላወቅሁም። የፈቃዱ ስልክ ያው የድሮው ቁጥር ነው። ጂጂ በጉን የሐዲስ በግ ብላ ስም አውጥታለታለች። ጽጌረዳዬን ግጦ ጨርሶ አሁን የልብስ ማስጫውን ገመድ ጀምሯል። እንደያዘው ከሆነ አርጅቶ መሞቱ ነው።

ኪሩ ሰላም ብሎሃል፤ ቁመቱ አባቱን አልፏል፣ ጠባዩ ግን ገና ነው። ጂጂ በፎቶ ብቻ ብታውቅህም ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች። አብዱልጀባር ሰላም ብሎሃል፤ ስኳሩ እግሩን ይዞታል። ወዬሳና ሚስቱ ቦንቱ በኦሮምኛቸው አካም ጅርታ፣ እንደምን አለህ ብለውሃል፤ ቦንቱ ነፍሰ ጡር ናት። የሁሩታዋ አክስታችን ዓይኗ ደክሟል፣ ድምፅህን ግን አትስተውም፣ ደውልላት። ኢፍቱ ተቀይማናለችና ሰላምታዋን አልላከችም። ፈቃዱም ከሁሉም በኋላ ጻፊኝ ብሎ ነው፣ እጅ ነስቶ ሰላም ብሎሃል።

እዚህ ስማቸውን ጠርቼ ሰላም ያሉህ ሁሉ፣ ሐዲስ፣ በሕይወት አሉ።

እህትህ አረጋሽ
አዳማ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.