በግል ጄት የሄደው መርዶ

ለተከበሩ ጋሼ ቶሎሳ
የ«ደራሽ» መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ሜይ 16 ቀን 2021

የተከበሩ ጋሼ ቶሎሳ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከዚያ ረጅም በረራ በኋላ ጉልበትዎን ብርድ እንደያዘዎትና አንድ ጆሮዎ እስካሁን እንደሚጮህብዎ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ለእኔ ሲባል የደረሰ ጉዳት ስለሆነ እንቅልፍ ነስቶኛል ብል ማጋነን እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ እንጂ፣ በእርግጥም እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። እኔና ልጄ ሔራን በአካል ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት በጸሐፊው በኩል የላኩልኝ ቴክስት ደርሶኛል። እድሩ የእናቴን መርዶ ለወንድሜ ለነጋ ለማድረስ የግል ጄት ቻርተር አድርጎ እስከ አላስካ ጫፍ ድረስ ስለተጓዘ፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆሜ የምስጋና ንግግር እንዳደርግ፣ ካልተመቸኝም በጽሑፍ እንድገልጽና ጽሑፉ በፌስቡክ እንዲወጣ ጠይቀውኛል። ሰው ፊት መቆም ካፈርኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ፌስቡክ ላይ ይውጣ ያሉትንም ትእዛዝ አክብሬ፣ እርስዎን ላለማድከም እኔው ራሴ አውጥቼዋለሁ።

ነገሩን ከዳር ለሰሙ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። እናታችን በጥር መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈች። ታናሽ ወንድሜ ነጋ በዚያን ጊዜ በአርክቲክ ባሕር ዳር ባለች አንዲት የአሣ አጥማጆች መንደር፣ አሣ ፋብሪካ ውስጥ በስድስት ወር ኮንትራት ይሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። በኮሮና ምክንያት ሠራተኛው ከግቢ አይወጣም፤ ወደ መንደሯ ይመላለስ የነበረው አነስተኛ አውሮፕላንም ቆሟል። ስልክ ግን ይሠራ ነበር። አክስቴ መዓዛ ከአዲስ አበባ ደውላ ስታረዳኝ፣ ያው የሚያጽናናኝ ሰው አጠገቤ ስላልነበረ፣ እጄ በቀጥታ ወደ ነጋ ቁጥር ነበር የሄደው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። እንዴት እንደሰሙ እስካሁን ባላውቅም፣ ሰዓት ሳይሞላ ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ማስክዎን አድርገው ቤቴ ደረሱ፤ ስልኬንም ከእጄ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ደፉት። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጁ ብቻውን በበረዶ አገር ሲሰማ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። ሔራን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስለነበር፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ለምን ዝም ብላችሁ ኮል አታደርጉትም ብላ ጠየቀች። እርስዎም፣ አይ የአሜሪካ ልጅ ብለው ሳቁ። ጋሼ፣ እኔም ሳቅኩ። እናቴ በሞተችበት ቀን፣ እርስዎን ደስ ይበልዎት ብዬ፣ እውነቱን በተናገረችው ልጄ ላይ ሳቅኩባት። ሌላውን ሁሉ የምጽፈው ይህችን ከተናገርኩ በኋላ መሆኑን ይወቁልኝ።

2ኛ. ለሃያ ሦስቱ ቀናት አመሰግናለሁ። ኮሚቴው በዙም ስምንት ጊዜ ተሰብስቧል። ማን ይሂድ፣ ማን በዕድሜ ይቀድማል፣ ማን አንደበት አለው፣ ከሙስሊም አባላት አንድ ሰው ካልተካተተ ቅሬታ አይመጣም ወይ እየተባለ በጥሞና ተመክሯል። በስድስተኛው ስብሰባ አንድ ሰው ሙሉውን ሰዓት ድምፁን ዘግቶ ሲናገር ቆይቶ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጀምር ተደርጓል። እኔም እስኪወሰን ድረስ፣ ልጁ እንዳይጠረጥር እንደ ወትሮሽ ደውይለት ተባልኩ።

ደወልኩለት። ከምሠራበት ዌርሃውስ ለብሬክ ስንወጣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ በየቀኑ ደወልኩለት። እማዬ እንዴት ናት ሲለኝ የመጀመሪያውን ቀን ደህና ናት ብቻ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ለመጻፍ አፍሬ ሁለቴ ሰርዤዋለሁ፣ ዛሬ ገንፎ በላች አልኩት። በሳምንቱ፣ ጓንት ሳያደርግ እንዳይወጣ ንገሪው ብላለች አልኩት። ላናግራት ሲለኝ ኔትወርክ የለም፣ ጠበል ሄዳለች፣ አሁን ገና ተኛች አልኩት። ሰው ውሸት ለመደ ማለት እንዲህ ነው፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ድምጿን እያስመሰልኩ፣ አንተን አማርራ እንዲህ አለች ብዬ አሳቅኩት። የሳቀ መስሎኝ ነበር። እሺ ቆንጂዬ፣ ሰላም በይልኝ አለ።

3ኛ. ለጄቱ አመሰግናለሁ። የሕዝብ አውሮፕላን እንደሌለ ሲረጋገጥ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ ያነሳ ነበር፤ እርስዎ ግን የእድራችንን ስም በማሰብ ጄት ቻርተር ይደረግ አሉ፣ ተጨበጨበም። የገንዘቡን ነገር የሚመለከታቸው አባላት ያንሱት፤ እኔ ስለ ወንበሩ ነው የማወራው። ሰባት ወንበር ነበር። እርስዎና ጸሐፊው ሁለት፣ ሽማግሌዎች ሦስት፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅዎ ሊዮን አንድ፤ ሰባተኛው ላይ ደግሞ ንፍሮው፣ ቆሎውና አምባሻው በቀበቶ ታስረው ሄዱ። እኔ ያልሄድኩት፣ ገና ከሩቅ ሲያይሽ ያውቃል በሚል ጥበብ የተሞላ ምክንያት ነው። ሰዎቹ ፊት አለቀስኩ፣ እንዴት ለገዛ ወንድሜ አልሄድም ብዬም ተከራከርኩ። ከዚያ ባኞ ቤት ገባሁ፣ ውሃ ከፈትኩ፣ ተመስገን አልኩ። ፊቱን ማየት ስለማያስፈልገኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ። አምባሻ በእኔ ቦታ በመሄዱ ደስ አለኝ።

ለመሆኑ መንደሯ እንግዳ ትቀበላለች ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ አባል እንደነበር ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። እርስዎም፣ ለቅሶ ለመድረስ የመጣ ሰው ላይ በር የሚዘጋ የት አገር ነው ብለው መልሰውለታል። እውነት ለመናገር እኔም አምኜዎታለሁ። ያደግነው ለቅሶ ቤት ለሚገባ ሰው ማነህ ተብሎ በማይጠየቅበት አገር ነው፤ ዓለም በሙሉ እንደዚያ ይመስለናል። ጄት ማዘዝ የቻልን ሰዎች፣ ለመንደሯ ጽሕፈት ቤት አንድ ስልክ መደወል አልመጣልንም።

4ኛ. ስለ አቀባበሉ። ሊዮን ላይቭ ስላስተላለፈው፣ ስሜን የሚያውቅ የኮሎምበስ ሰው ሁሉ ከፒከሪንግተን እስከ ፖላሪስ እንደ እኔው አይቶታል። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰች አንዲት የመንደሩ ምክር ቤት ሴት ከደረጃው በታች ቆማ ነበር። በትሕትና አስረዳች፤ መንደሩ ያለው አንድ ክሊኒክ ብቻ ነው፣ በድሮ ወረርሽኝ ግማሹ ሰው ስላለቀ ሽማግሌዎቻችንን እንጠብቃለን፣ አሥራ አራት ቀን ሳይገለል የሚገባ እንግዳ የለም አለች። እርስዎ ነጠላዎን ከፍ አድርገው አሳዩአት። ሊዮን ደግሞ፣ የዚህ ልጅ እናት ስለሞተች ልንነግረው መጥተን ነው ብሎ ተረጎመላት። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አዘነች፤ ቀጥላም አንድ ነገር ጠየቀች። ሊዮን ያንን አልተረጎመልዎትም። እኔ ልተርጉምልዎት፦ ስልክ ቁጥሩ የላችሁም ወይ ነው ያለችው።

እኛን ያሳፈረችው አንሶ፣ እሷው ሄዳ ነጋን ከፋብሪካው አውጥታ የአየር ማረፊያው አጥር ድረስ አመጣችልን። ከሥራ መስመር ላይ ስለመጣ ብርቱካናማውን የጎማ ልብስ እንደለበሰ ነበር። ያን ጊዜ እርስዎ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ቆመው ስልክዎን አወጡ፣ ስፒከር ላይ አደረጉት፣ ደወሉለት፣ የእናቴንም መርዶ በስልክ ነገሩት። ይህን ያህል አገር አቋርጠው፣ በመቶ ሜትር ርቀት፣ በስልክ።

ሽማግሌዎቹ ጮኸው አለቀሱ። ነጋ አላለቀሰም። እስኪጨርሱ ጠበቀና፣ እሺ፣ እግዜር ያጽናችሁ አለ፤ እሱ እናንተን አጽናና። ከዚያ፣ ቆንጂት አለች? ብሎ ጠየቀ። የለችም አሉት። እጁን አንስቶ ተሰናበተና ተመለሰ። ከቪዲዮው ስር የጻፉት ሁሉ፣ ምስኪን፣ ደንግጦ ደነዘዘ አሉ።

አልደነዘዘም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። አንድ ዘመዳችን የእማዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ኖሮ፣ እኔ ገንፎ በላች ከማለቴ በፊት አይቶታል። እንዴት ናት እያለ በየቀኑ የጠየቀኝ እንድነግረው በር ሲከፍትልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በየቀኑ በሩን ዘጋሁበት። በዚያው ቀን፣ እናንተ በመልስ በረራ ገና አየር ላይ ሳላችሁ፣ ያንኑ ፎቶ ከአንዲት ቴክስት ጋር ላከልኝ፦ «የገንፎውን ነገር ባትጨምሪው ጥሩ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ስልኬን አንስቶ አያውቅም። ከእናቴ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ያለኝ አንድ ወንድም ነው፣ ጋሼ፤ ስሜ ስልኩ ላይ ሲመጣ እያየ ዝም ይላል።

5ኛ. ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ ብደፋው እንዴት ደስ ባለኝ! ስቀመጥ ስነሳ ሞክሬዋለሁ። ግን ስልኩ የእኔ፣ አፉም የእኔ ነበር። እርስዎ ደብቂ አሉ እንጂ ድምጿን አስመስለሽ አሳቂው አላሉኝም። አርባ አንድ ዓመት የሞላኝ፣ ልጅ የማሳድግ፣ ግብር የምከፍል ሴት፣ ሽማግሌ ምን ይለኛል ብዬ የወንድሜን ሐዘን ቀማሁት። ለዚህ ስም የለኝም። ዌርሃውስ ውስጥ አንድ ሰው እማማ ብሎ በስልክ ሲያወራ ስሰማ ፊቴን ወደ ካርቶኑ አዞራለሁ።

ስለዚህ ስለ ምስጋናው የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ቪዲዮውን ያውርዱልኝ። «ደራሽ እስከ ዓለም ጫፍ» የሚለውን፣ የእናቴ ፎቶ ያለበትን ፖስተርም እንዲሁ። ሊሰጠኝ የታሰበውን የምስክር ወረቀት ለዚያች ለመንደሩ ሴት ይላኩላት፤ ከሁላችን ይልቅ ለቅሶ የደረሰችው እሷ ናት። በመተዳደሪያ ደንቡም ላይ፣ ቢቻል፣ ሐዘንተኛውን ምን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቅ የሚል አንቀጽ ይጨመርልን።

ከዘወትር አክብሮቴ ጋር፣ የጉልበትዎን ጤና፣ የጆሮዎን ሰላም፣ የሊቀመንበርነት ዘመንዎንም ርዝመት የምትመኝልዎ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ መዋጮዋን ሳታዛንፍ የምትከፍል፣ የተረዳች፣ እጅግም የተረዳች፣ ከተረዳችበትም ቀን ጀምሮ ቀና ብላ መሄድ ያቃታት ታዛዥ ልጅዎ፣

ቆንጂት

ተጨማሪ፦ ይህን ትናንት ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለነጋ ደውዬለት ነበር። አነሳው። ምንም ሳላስቀድም፣ ነጋዬ፣ እማዬ ሞታለች፣ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ማልቀስ ጀመረ፣ እኔም አብሬው። ሲበርድለት፣ ስትሞት አጠገቧ ማን ነበር? ምንስ አለች? ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ስምንት ጊዜ ተሰብስበን፣ ጄት ተከራይተን፣ ይህን የጠየቀ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ልጇ ሆኜ አልጠየቅኩም። ነገ ጠዋት ሁለታችን አብረን ለአክስታችን ለመዓዛ ደውለን ልንጠይቃት ነው። ለእርስዎ የምጽፈው እንዲያውቁት ያህል ነው፤ ማንም መምጣት አያስፈልገውም።