ልጅህን ከሂሳብ አላስወጣትም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔና ስትሄድ አደራ ያልከኝ ልጅህ ደህና ነን። መልእክትህ ደርሶኛል። «የጂኦሜትሪ ውጤቷን አየሁት፤ ሠላሳ አንድ። በአንቺ ነው የወጣችው፣ ጭንቅላቷ ሂሳብ አይቀበልም። ከሳይንስ ክፍል ትውጣ፣ ቅጹን እንደ አሳዳጊ ፈርሚላት» ብለሃል።

አልፈርምም። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት፣ ተናደህ ደብዳቤውን ሳትጨርስ ብትጥለው እንኳ ይቺ አንዷ ቃል እንድትደርስህ ነው።

ያንን አነጋገርህን አውቀዋለሁ። እኔ አሥራ አራት፣ አንተ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን ዘርግተህ «ኤክስ ስንት ነው?» አልከኝ።

«የት ያለው?»

«የትም የለም፣ ፊደል ነው።»

«ፊደል ከሆነ ለምን ስንት ነው ትለኛለህ?»

እርሳስህን ጥለህ ሳቅክ። አባባም ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አብሮህ ሳቀ። እኔ ግን የጠየቅኩት የምሬን ነበር። ቀጥሎ ያለውን ገጽ፣ ክቡንና ሦስት ማዕዘኑን፣ አንተ እርሳስህን ከወለሉ እስክታነሳ ሠርቼ ጨርሼዋለሁ። አየኸውና «ይሄማ ሥዕል ነው» አልክ። በሳምንቱ «አባባ፣ ይቺ ልጅ ጊዜዋን ነው የምታባክነው፣ ሙያ ብትማር ይሻላል» ስትለው በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከክፍል አንደኛ የሚወጣው አንተ ነበርክና ማን ይከራከርሃል? ትምህርቱን ትቼ አጎታችን ላሜራ መሥሪያ ገባሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጌ የያዝኩት ነገር አለ። ዛሬ ልናገረው። በዚያው ዓመት እማማ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ጊዜ አስታማሚ ያስፈልጋል ተባለ። አንተ ፈተና ነበረብህ። እኔም ነበረብኝ፣ ግን የጠየቀኝ የለም። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተኛሁ። አልጀብራ የተጀመረው በነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው። ተመልሼ ስገባ ሰሌዳው በፊደል ተሞልቶ ጠበቀኝ። ቀን ቀን ምሳ ታመጣልን የነበርከው አንተ ነህ፣ የት እንደከረምኩ ታውቃለህ። «ጭንቅላቷ አይቀበልም» ስትል ግን እሱን ለአባባ አልነገርከውም።

ሁሉንም በዚያ አላሳብብም። አንዲት ቀን ባላጓድል እንኳ አልጀብራ ሳይከብደኝ አይቀርም ነበር። እኔ ነገር የሚገባኝ ሳየው ነው፣ ሳገላብጠው። ጠፍጣፋ ላሜራ ሲሰጡኝ ታጥፎ የሚሆነውን ቱቦ ከነመጋጠሚያው አየዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ለምን እንደዚህ ሆንኩ ብትለኝ አላውቅም። አንዱ የዜማ ጆሮ ኖሮት እግሩ ለጭፈራ እንቢ ይለው የለ? እንደዚያ ይመስለኛል።

ልጅህ ግን በኔ አልወጣችም። የኔ ተቃራኒ ናት። በአልጀብራ ዘጠና አራት አምጥታለች፤ በመልእክትህ ውስጥ ግን ፈልጌ አጣሁት።

መልእክትህ የደረሰኝ ዓርብ ነው። በማግሥቱ ሥራ ቦታዬ ይዣት ሄድኩ። ለአንድ ዳቦ ቤት የጭስ ማውጫ ክዳን እየሠራሁ ነበር፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር ስድሳ ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ አርባ የሆነ ሾጣጣ። ላሜራውን አንጥፌ «እስቲ ሾጣጣው እንዲወጣ ከዚህ ላይ የቱ ይቆረጣል?» አልኳት። ትክ ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አክስቴ፣ አላየውም። እውነቴን ነው፣ ምንም አይታየኝም።»

«ቀስ ብለሽ እዪው።»

«እዪው አትበይኝ! ሁሉም ሰው እዪው ነው የሚለኝ። ቁጥሩን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። እኔ በበኩሌ እንደ ልማዴ የአፉን ዙሪያ በገመድ ለክቼ፣ በኮምፓስ አዙሬ፣ ምልክት አደረግሁ። ቀና ስል «ከጫፉ እስከ አፉ ሃምሳ ነው፤ ማዕዘኑ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ዲግሪ» አለችኝ። ለመጋጠሚያ የተውኩትን ጠርዝ ትቼ የራሴን ለካሁት። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። ወንድም ጋሼ፣ ደግሜ ለካሁት። በገመድ የደረስኩበት ቦታ እሷ ምንም ሳታይ በፊደል ደርሳበታለች። አጎታችን እንኳ መነጽሩን አውልቆ «እንዴት አድርጋ ነው?» አለ።

ሰኞ ጠዋት ቅጹን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ «አባቷ ጠይቀዋል እኮ» አለችኝ።

«አባቷ ጠይቋል። አሳዳጊዋ እምቢ ብላለች» አልኳት። ቅጹንም ጠረጴዛዋ ላይ ለሁለት ቀደድኩት። ደንግጣ የጂኦሜትሪ መምህሩን አስጠራችው። ገና ወጣት ነው፣ እጁ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። «ሥዕሉ አይታያትም። መልሱን በስሌት ብታመጣው ትቀበላለህ?» አልኩት።

«ትክክል እስከሆነ ድረስ ለምን አልቀበልም?» አለ፣ የጠየቅኩት ነገር ገርሞት። «እንዴት እንደሠራችው ደረጃ በደረጃ ካሳየችኝ ይበቃኛል።» ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተፈተነች። ሃምሳ ስምንት። አለፍኩ ብላ አልተደሰተችም። ሁለት ነጥብ ተቀንሶብኛል ብላ መምህሩን እስከ በሩ ድረስ ተከትላ ስትከራከረው ነው የደረስኩት። ሰባ ላትደርስ ትችላለች፤ እንደኔ እጇ ውስጥ ሾጣጣ ሲሽከረከር ላይሰማት ይችላል። ከመንገዱ ላይ ግን ማንም አይመልሳትም፤ አባቷም ቢሆን።

ልጅህ የቀረባት ነገር የለም። አንተ ግን ለኔ ያለብህ የይቅርታ ዕዳ አለ። አልለምንህም። ስትመጣ ይዘኸው ትመጣለህ።

አንድ ወሬ ልጨምርልህ። ማታ ማታ ልጅህ እኩልታ ታሠራኛለች። «ኤክስ የት ነው ያለው?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ያው የድሮውን። አልሳቀችም። ትንሽ አሰበችና «ገና አላገኘነውም እንጂ አለ፤ እስክናገኘው ስም ሰጥተን ነው» አለችኝ። ለካ ይኸው ኖሯል! ባለፈው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ዕድሜዬን ጽፋ ቀና ብላ አየችኝና «ለምን አቋረጡ?» አለችኝ። «አላቋረጥኩም፣ አስወጥተውኝ ነው» አልኳት። ሳቀችና ቁጥር ሰጠችኝ።

ታናሽ እህትህ፣
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ