የመምህር ኢዛና ገብረኪዳን ሕይወትና ያስተማሩት ኮርስ

መምህር ኢዛና ገብረኪዳን ከአባታቸው ከአቶ ገብረኪዳን ወልዱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ ተሰማ በመስከረም ወር 1957 ዓ.ም. ወንጂ ተወለዱ። አባታቸው በስኳር ፋብሪካው ይሠሩ ስለነበር ያደጉት በሠራተኞች ሰፈር ነው። አንደኛ ደረጃን በወንጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ ተምረው፣ በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመረቁ። በሻሸመኔ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሻሼ ደበላ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሀዊንና ናትናኤልን ወልደዋል።

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ክፍል ሲያስተምሩ፣ በ2004 ዓ.ም. የጭነትና የጉምሩክ አሠራር የተሰኘ ኮርስ አዘጋጁ። ኮርሱ ተማሪው ወዶ የሚመርጠው ኢሌክቲቭ ስለነበር በቂ ተመዝጋቢ ካላገኘ ይሰረዛል። ብዙ የለፉበት ነበርና እንዳይሰረዝባቸው ፈሩ። በየክፍሉ እየዞሩ፣ «ሞጆ ደረቅ ወደብ ካሉ የትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ይህን ኮርስ የወሰደ ሥራ አያጣም» አሉ። ከማንም ጋር አልተነጋገሩም ነበር። ተማሪዎቹ አመኗቸው። የባንክ ኮርሱን ትተው የመጡም ነበሩ።

ከምርቃት በኋላ ልጆቹ የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው ሞጆ ቢመላለሱም የሚቀጥራቸው አላገኙም። ከእነርሱ አንዱ ገርባ አዳማ ላይ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። መምህር ኢዛና ከዚያ ወዲህ ባጃጅ መሳፈር ተዉ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ከመብራት ኃይል ሰፈር እስከ ፍራንኮ ሰፈር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ጎረቤት ለጤናቸው ብለው ይመስለው ነበር፤ እሳቸውም ይህንኑ ይሉ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የስኳር ሕመማቸው እግራቸውን አቁስሎ መራመድ ከለከላቸው። ወይዘሮ ሻሼ ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው ባጃጅ ቢያስቆሙ፣ ነጂው ገርባ ሆኖ ተገኘ። ደግፎ አሳፈራቸው። ሲደርሱ እንዲህ አላቸው፦

«መምህር፣ ሥራ ማጣቱንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት መንገድ ላይ ሳገኝዎ ፊትዎን ሲያዞሩብኝ ነው።»

 

ኮርሱ እስከዚያ ይሰጥ ስለነበር፣ መምህር ኢዛና በተከታዩ የምዝገባ ወቅት ተማሪዎች ፊት ቆመው፣ «የምሰጣችሁ ትምህርት ነው፤ ሥራ ግን በእጄ የለም። ከእናንተ በፊት የነበሩትን ዋሽቻቸዋለሁ» አሉ። የተመዘገቡት ስድስት ብቻ በመሆናቸው ኮርሱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ በምርኩዝ እየሄዱ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ፍለጋ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ድረስ ተጓዙ። አንዳንዶቹ አቅፈው ተቀበሏቸው። ባቱ ላይ ሱቅ የከፈተችው ፎዚያ ግን እስኪጨርሱ ሰምታ፣ ተቀመጡ እንኳ ሳትላቸው ወደ ደንበኞቿ ዞረች። መምህር ኢዛና ልክ ናት ብለው ተመለሱ። ዓረብ አገር ሄዱ የተባሉትን፣ ስልካቸው የማይሠራውንም ሊያገኙ አልቻሉም።

ይህ ከሕይወት ታሪካቸው እንዳይዘለል በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው አደራ ብለዋል። ወይዘሮ ሻሼ በለቀስተኛ ፊት አይነበብብኝ ብለው አጥብቀው ቢለምኗቸውም እሺ አላሉም። ለቤተሰቡም ማንበቡ ቀላል አልሆነም።

መምህር ኢዛና በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ያሳርፍልን። ይቅርታ ሳይጠይቋቸው የቀሩትን ልጆችም በያሉበት ይጠብቅልን፤ እነርሱን የሚያውቅ ካለም ቤተሰቡ ሊያገኛቸው ይፈልጋል።