የቦቢን የኋላ እግሮችና ኢንሹራንሷ

ስኪፕተን፣ ዮርክሸር
እሑድ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2023

ውድ ልጄ ኢሞጀን፣

ከሁሉ በፊት ልትረጂው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ቡችላ ገዝቻለሁ። ከቡችላዋ ጋር የመጣው ነጻ ኢንሹራንስ የፊታችን ዓርብ ያበቃል፤ ከዚያ በፊት ቋሚውን ውል ካልፈረምኩ የኋላ እግሮቿ ዕድሜ ልኳን ያለ ዋስትና ይቀራሉ። በውሉ ላይ ደግሞ አንቺን ሳልጠይቅ ልሞላው የማልችለው አንድ ቦታ አለ። የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ታውቂኛለሽ፣ የእኔ ማብራሪያ ከጥያቄው ይረዝማል።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እኔና አንቺ በስልክ ስለ አየር ጠባይ ተነጋግረን ስለምንዘጋ ነው። በኢሜይል መጻፍ ይሻለኛል።

ውሻ ልገዛ አስቤ አልወጣሁም። ወደ ማልሃም የሄድኩት ለእንቁላል ነበር። ወይዘሮ አልደርሰን፣ እንቁላል የምትሸጥልኝ ገበሬ፣ ቴሪየር ከሚባለው ዝርያ የሆነች ትንሽ ውሻዋ ወልዳ ነበር። አራቱ ቡችሎች ተሸጠው አንዲቷ ቀርታ ነበር። ለምን ቀረች ብዬ ጠየቅኩ። "ጢሟ ሸብቶ ስለተወለደች ሰው አሮጊት ትመስላለች እያለ ይተዋታል፤ እርስዎ ግን በየቀኑ መስታወት ያያሉ፣ ይለምዷታል" አለችኝ። እንቁላሉን ረስቼ ቡችላዋን ይዤ መጣሁ። ስሟ ቦቢን ነው፤ ያወጣችላት ወይዘሮ አልደርሰን ናት፣ እኔም አልቀየርኩትም።

ወይዘሮ አልደርሰን ቡችላ ስትሸጥ የአራት ሳምንት ነጻ ኢንሹራንስ አብራ ትሰጣለች። እኔ ያን ጊዜ እንደ ማጥኛ ወሰድኩት፤ ሁሉንም ኩባንያ አመዛዝኜ የተሻለውን ልመርጥ። ደስ የሚል ጥናት ሆኖ አገኘሁት። ይህን ያህል የምፈልገው ርዕስ ከጡረታ ወዲህ አልገጠመኝም።

ኢንሹራንሱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕመሙ በተነሣ በዓመቱ መክፈል ያቆማል፤ ውሻው ይዳን አይዳን ግድ የለውም። ሌላው ለእያንዳንዱ ሕመም የተወሰነ ገንዘብ ይመድብና እሱ ሲያልቅ ያበቃል። የመጨረሻው በየዓመቱ እየታደሰ ውሻው እስኪሞት ይዘልቃል፤ ነገር ግን አንዴ ካቋረጡት ያለፈው ሕመም ሁሉ ከውሉ ይወጣል። ለቡችላ የሚሻለው የመጨረሻው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። የፈጀብኝ ዝርዝሩ ነው። ለምሳሌ ቦቢን ለንደን ብትኖር ኢንሹራንሷ ይወደድ ነበር። የሆድ ቁርጠት በሰፈር የፖስታ ቁጥር ይለያያል ወይ ብዬ አንዱ ኩባንያ ጋ ደውዬ ጠየቅኩ። ሰውዬው፣ የሚለያየው ቁርጠቱ ሳይሆን የሐኪሙ ዋጋ ነው አለኝ። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ውሻው ቢጠፋ የማፈላለጊያ ማስታወቂያ የሚከፍል ኩባንያ አለ። ውሻው ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቢጥል ካሳ የሚከፍል አለ። ባለቤቱ ሆስፒታል ሲገባ ውሻውን ወስዶ የሚያሳድርም አለ፤ እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በቦዩ ዳር በእግር የሚሄዱትንም ሰዎች ጠየቅኩ። ለሃያ ዓመት ሰላም ከማለት ያለፈ ያላነጋገሩኝ ሰዎች አሁን የውሾቻቸውን አንጀት ታሪክ ይነግሩኛል። አንዱ፣ ወፍራም ላብራዶር ውሻ ያለው፣ ኢንሹራንስ የሰነፍ ግብር ነው እያለ ሲስቅ ከረመ። ባለፈው ወር ላብራዶሩ የሚስቱን ካልሲ ዋጠና ሆዱ ተቀዶ ወጣለት፤ ሒሳቡንም ሰውዬው ከኪሱ ከፈለ። አሁን ስንገናኝ ወሬ ወደ እግር ኳስ ይቀይራል።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ቦቢን ከጓሮው ደረጃ ዘላ ስትወርድ ግራ የኋላ እግሯን አንሥታ ትንሽ አነከሰች። ወዲያው ረሳችውና የጎረቤታችንን የብሬንዳን ድመት ስታባርር ዋለች። በነጋታው ለሁለተኛ ክትባቷ ወሰድኳት። ሐኪሟ ሮዌና ፒክልስ ናት፤ ካንቺ አንድ ክፍል በታች የነበረችው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጸጉሯ የተለበለበው። ክትባቱን ከሰጠች በኋላ የታየ ለውጥ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መቼ እንደሆነ፣ የደረጃውን ከፍታ፣ የትኛው እግር እንደሆነና እንዴት እንዳነሣችው አንድ በአንድ ነገርኳት። እግሯን አጥፋ ዘርግታ አየችው። ምንም የለውም አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ያልኩትን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች።

"ምንም ከሌለው ለምን ትጽፊዋለሽ?" አልኳት።

"መምህር፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ፣ የራሳችሁን ግምት ተዉት ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

ኮርቼባት ወጣሁ። ጉዳቱ የገባኝ ማግስቱን፣ ከሁሉ በልጦ ያገኘሁት ኩባንያ ጋ ስደውል ነው። ሴትዮዋ ውሻዋ ከክትባት ሌላ ለምንም ነገር ሐኪም አይቷት ያውቃል ወይ አለችኝ። የደረጃውን ከፍታ ጨምሬ ነገርኳት። ጽፋ ጨረሰችና የኋላ እግሮቿን አንሸፍንም አለች። ያነከሰችው በግራው ብቻ ነው ብላት፣ ሁለቱንም ነው አለችኝ። በእነሱ ሕግ ሁለት ጉልበት አንድ ጉልበት ነው፤ አንዱ ከተበላሸ ሌላው ይከተላል ብለው ያምናሉ። ነገሩ በጣም ስለገረመኝ መበሳጨቱን ረስቼ ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ ጠየቅኩ። እነሱም እንደዚያው ናቸው። ጭራስ? አልኳት። "ጭራ አንድ ነው፣ እሱን እንሸፍናለን" አለችኝ። የደነገጥኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሌሎቹ ጋ ደወልኩ፤ መልሳቸው አንድ ነው።

ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ውሾች ጉልበታቸው የመውለቅ ጠባይ አለው፤ ሲወልቅ ደግሞ ቀዶ ጥገና ነው፣ ብዙ ጊዜም ከአንዴ በላይ። ገንዘብ የሌለው ሰው ውሻውን ለማሳከም ያመጣና በመርፌ ለዘላለም ለማስተኛት ይፈርማል። ሮዌና ይህን በየጊዜው እንደምታይ ነግራኛለች። ገና አድጋ ያልጨረሰች ውሻ እኔ በለፈለፍኩት ምክንያት እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንድትወጣ አልፈልግም።

ለብሬንዳ ነገርኳት። ጎረቤታችን አልተለወጠችም፤ አጥሩ ላይ ተደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ማን አናግሮህ ነው? ሐኪም ጋ ሲሄዱ ደህና ናት ተብሎ፣ ተከትቦ፣ ይወጣል። የጓሮህን ደረጃ ለክተህ ነው የሄድከው?" አለችኝ። ደረጃው ድሮም የተለካ ነው አልኳት። ኪስሊ ከተማ ወስጃት ሌላ ሐኪም ዘንድ አዲስ መዝገብ እንዳስከፍት መከረችኝ። ውሸትነቱን ብንተወው እንኳ አይሠራም። ካሳ ሲጠየቅ ኩባንያው የድሮውን መዝገብ ሁሉ ያስመጣል። ይህን ስነግራት፣ ድመቷን ያባረረች ውሻ እግሯ የታመመ ነው ብሎ ማመን ይከብደኛል ብላ ገባች።

ያን ሁሉ ወረቀት ሳነብ ያላነበብኩት አንዱን ብቻ ነበር፤ ነጻውን። ነጻ ስለሆነ ንቄው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ሳይቋረጥ እዚያው ኩባንያ ውስጥ ወደ ቋሚ ውል ከተሸጋገረ፣ በነጻው ጊዜ የታየ ሕመም እንደተሸፈነ ይቀጥላል ይላል። ቦቢን ያነከሰችው በነጻው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዓርብ በፊት ከፈረምኩ እግሮቿ ውስጥ ይሆናሉ። ይህ ኩባንያ በእኔ ምዘና ሦስተኛ የወጣ ነው፤ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያም አይከፍልም። ግን ምርጫው ተመርጧል።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ውሉ የሚገባው ከባለቤቱ ጋር ነው እንጂ ከውሻው ጋር አይደለም። ባለቤቱ ቢሞት ወይም መጦሪያ ቤት ቢገባ ይቋረጣል፤ ውሻዋን የሚወስዳት ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እግሮቿም ያን ጊዜ ውጭ ይሆናሉ። ሁለት ስም ከተጻፈበት ግን የቀረው ሰው ይዞት ይቀጥላል። እነዚህ ውሾች እስከ አሥራ አራት ዓመት ይኖራሉ። እኔ ሰባ ሰባት ሞልቶኛል። መደመሩን ላንቺ እተወዋለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ከኩባንያው ያነጋገረችኝ ኬሪስ የምትባል የካርዲፍ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ወጣት ነው፣ ትዕግሥት ግን አላት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ ወይ አለችኝ።

"ልጄ አለች" አልኳት።

"አብራዎት ነው የምትኖረው? ሁለተኛው ስም እዚያው ቤት የሚኖር ሰው መሆን አለበት።"

"ክፍሏ እዚህ ነው።"

"የኔ አባት፣ የጠየቅኩዎት ስለ ክፍሏ አይደለም።"

እውነቱን ነገርኳት። ዌሊንግተን እንዳለሽ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከምትከታተዪበት መሥሪያ ቤት ጋር ያለሽ የሥራ ውል በማርች እንደሚያልቅ ነገርኳት። ትመለሳለች ወይ አለችኝ። አላውቅም፣ እንዳልጠይቃት ቃል ገብቼላታለሁ አልኳት። ከአለቃዋ ጋር ተነጋገረች። ተመልሳ፣ በስድስት ወር ውስጥ ገብታ የምትኖር ከሆነ ከአሁኑ ስሟን መጻፍ ይቻላል፣ የማትመጣ ከሆነ ግን አይጻፍም አለችኝ። በኋላ መጨመርስ? ስላት፣ በኋላ የተጨመረ ሰው እግሮቹን አይወርስም አለች።

ብሬንዳ ይህንንም ሰማች። "ክላይቭ፣ ይሄ የውሻ ኢንሹራንስ ነው ወይስ የልጅ መጥሪያ?" አለችኝ። የውሻ ኢንሹራንስ ነው አልኳት። "እሺ" ብላ ሄደች። እሺ ያለችበትን ድምፅ አልወደድኩትም።

ኢሞጀን፣ በሴፕቴምበር የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። "አባዬ፣ አትጫነኝ፣ ላስብበት" ብለሻል። አልጫንሽም። ስለ ማርች አልጠየቅኩሽም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አንድ መስመር ላይ ስም ልጻፍ ወይስ ባዶ ልተወው የሚለውን ብቻ ነው። ባዶ ተወው ካልሽኝ በእኔ ስም ብቻ እፈርማለሁ፤ ቦቢንም ደህና ትኖራለች። ብሬንዳ፣ ምንም ብትል፣ እኔ ባልኖር ትወስዳታለች። እግሯም ምናልባት ጨርሶ አይታመም ይሆናል። ከሁለቱ መልሶች ስሕተት የሚባል የለም። በእውነት የምለው ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ማሞቂያው ተሠርቷል። የክፍልሽንም መስኮት አሠርቼዋለሁ፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ስለሚንኳኳ እንጂ ለሌላ አይደለም። ቦቢን እዚያ ትተኛለች። እኔ አልመደብኳትም፣ ራሷ መርጣ ነው። ያንቺ መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ታችኛውን ጠርዝ ትንሽ አኝካዋለች፤ በአሸዋ ወረቀት አስተካክዬዋለሁ፣ አይታወቅም። ልብሶችሽንም ከወለሉ አንሥቼ ከላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ምድሩ ከእግርሽ በታች ጸጥ ይበልልሽ፤ ሥራሽ ይቅናሽ፤ ጤናሽም አይጓደል። ያንን ጁላይ ላይ የጀመረሽን ሳል ጨርሶ እንደተወሽም ንገሪኝ።

ኬሪስ ሐሙስ ጠዋት ትደውልልኛለች። ከዚያ በፊት፣ አንድ ቃልም ቢሆን፣ ቶሎ ጻፊልኝ።

አባትሽ
ክላይቭ