ለቅሶ ላይ የተቀበልኩት መሐረብ

ኢየሩሳሌም፣ በታሙዝ ወር

ውድ ወንድሜ ሰዓድያ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደክሞኛል። ያንኑ ነገር ለመንደሩ ሁሉ ማስረዳት ሰለቸኝ።

አባባ ወንድ ልጅ ባለበት ኦሪት ሴት ልጅን እንደማታወርስ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ስለጠየቁት አምስት እህትማማቾች ባነበበ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል። "እነሱ ወንድም አልነበራቸውም። አንቺን ምን ላድርግሽ?" ይለኝና ይስቃል። በኋላ፣ በሕይወቱ ሳለ፣ የቤታችንን ጓዳ በስጦታ ጻፈልኝ። ዘጠኝ ዓመት ያስታመምኩት እዚያችው ነው፤ ዛሬም ቅርጫት እየሠራሁ የምኖረው እዚያው ነው።

ቀብረነው በመጣን በአራተኛው ቀን፣ መሬት ተቀምጠን ሳለ፣ መምህራችንና ዳኛችን የሆነውን ሞሪ ይፌትን ከሁለት ምስክሮች ጋር ይዘህ ገባህ። ቤቱን የሚገዛው ሰው ቸኩሏል አልክ። ሞሪ አንድ ወረቀት አነበበ፤ ቃሉ ጆሮዬ አልገባም። ከዚያ ነጭ መሐረብ ዘረጋልኝ፤ ተቀብዬ እንባዬን ጠረግኩበት።

ጎረቤታችን ሮማ ጮኸች፦

"አንቺ ቂል! መሐረቡን አነሣሽው እኮ! ጓዳሽን ለቀቅሽላቸው!"

"ኧረ እንባዬን ልጠርግበት ነው!"

"እንግዲያማ አፍንጫሽንም ተናፈጪበት፤ ቤቱ እንደሆነ ሄዷል!"

ሴቶቹ በለቅሶው መሀል ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንተ ግን መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

በእኛ ዘንድ የዳኛ መሐረብ ማንሣት ውል ማሰር እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን አባቱ የሞተበት ሰው መሐረብ ሲሰጡት ምን ያደርጋል?

ማክሰኞ ዳኞች ፊት እንቀርባለን። ሞሪ ይፌት፣ "ሰምታኛለች ብዬ ነው" ብሏል፤ እውነቱን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ያን ዕለት ወረቀቱ ሲነበብ ራሴን ትከሻህ ላይ ጥዬ አለቅስ ነበር፤ እንዳልሰማሁ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። "እህትህ የምታደርገውን ታውቅ ነበር ወይ?" ብለው የሚጠይቁት አንተን ነው።

አልለምንህም፤ ለልመናም ጉልበት የለኝም። አውቃ ነው ካልክ ያምኑሃል፣ ቤቱም ይሸጣል። ጓዳዋ ብትሄድ ሮማ ዘንድ እተኛለሁ። ሌላ ወንድም ግን ከየት አመጣለሁ?

የደከማት እህትህ፣
ናድራ