ቀይ ቀለም የቀባኸው አጣና

ደሬዬ፣ የኔ ጌታ፣ አርባህ ካለፈ ዛሬ ሦስት ቀኑ ነው። ልጅህ መዳህ ጀምራለች፣ ሄዳ ሄዳ በር ላይ ጫማህ ጋ ነው የምትቆመው። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰውም ቀረ፣ እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቅረቢ ተብያለሁ።

አሠሪህ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ የሕንፃው መወጣጫ ደህና ነበር፣ እሱ ነው ሳይጠነቀቅ የወደቀው አለ። አንተን! መንገድ ላይ ሚስማር ካየህ ሰው ይረግጠዋል ብለህ የምታነሳውን! ጠበቃዬ የመወጣጫው እንጨት የታለ ስትለኝ ምን ልበላት? በወደቅክ ማግስት ፎርማኑ መወጣጫውን አስፈርሶ ለለቅሶው ማገዶ ይሁን ብሎ በጋሪ ላከልን፣ እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ፣ ድስት ተጣደበት፣ ለቀስተኛ በላበት። የጣለህን እንጨት በእጄ ማገድኩት ደሬ።

አንዱ ግን ተርፏል። ያ የተሰነጠቀው አጣና፣ «ማንም እንዳያቆመው ቀይ ቀለም ቀባሁት፣ ፎርማኑ ግን ቀለም ምን ያደርጋል አቁሙት አለን» ብለህ የነገርከኝ። ማገዶው ሲራገፍ ጎረቤታችን ጫልቱ ለልብስ ማስጫ ብላ ወስዳ ግቢዋ ተክላዋለች። ባሏ ገመቹ አብሮህ ወድቆ እግሩ ብቻ ነው የተሰበረው።

እኔ እሷ ቤት መሄድ አቃተኝ። ቀናሁባት። በአጥር በኩል እሰማታለሁ፣ «ያ ገመቹ፣ እግርህን አታንቀሳቅስ አላልኩህም፣ ጆሮ የለህም እንዴ!» ትለዋለች፣ እኔ ማን ላይ ልጩህ? ሱሪውን አጥባ እዚያው ታሰጣዋለች፣ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ቆሜ አያለሁ። ሞጆ ስትሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ሱሪህ በሲሚንቶ ደርቆ እንደ ጣውላ ሲቆም ስነጫነጭብህ ትዝ ይልሃል? ምናለ አሁን ባጠብኩት። ለምን እሱ ተረፈ ብዬም አስቤያለሁ፣ አንዴ አይደለም። እሱ እኮ እግሩ ተሰብሮ ስምህን ሲጣራ ነበር አሉ።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ጫልቱ እህቴ፣ አጣናውን ስጪኝ፣ ገመቹም ማን እንደቀባው ይመስክርልኝ እላታለሁ። የገመቹ ሱሪ ተሰጥቶ ካገኘሁት ራሴ አውርጄ አጥፌ እሰጣታለሁ። ማክሰኞ አጣናውን በጋሪ አስጭኜ እገባለሁ።

ልጅህ አባትሽ ሳይጠነቀቅ ወደቀ አትባልም ደሬዬ። አባትሽማ አስጠንቅቆ ነበር እላታለሁ፣ እስክሞት።

ያንተው ትዕግስት